ትምህርት ሲዘጋ ካፋ ዝናብ ላይ ናት፦ ታዲያ ቤተሰብ ይዞ ቦንጋ እንዴት ይኬዳል?

ሰኔ ሲያልቅ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰናል። «ልጆቹ ትምህርት ዘጉ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ፣ የት እንውሰዳቸው?» አንዳንዱ ቤተሰብ ባሕር ያምረዋል። ሞምባሳ፣ ዛንዚባር፣ ጅቡቲ ይነሳል። ከዚያ የፓስፖርቱ፣ የዶላሩና የስድስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ሒሳብ ሲደመር ወሬው ሳሎን ውስጥ ይቀራል። ሐዋሳና ቢሾፍቱ ደግሞ ተሂዶባቸዋል። በዚህ መሃል ከቤቱ ልጆች አንዱ ቲክቶክ ላይ ያየውን ጭጋግ የለበሰ ጫካ ያሳይና «ቦንጋስ?» ይላል።

ቦንጋ ጥሩ ሐሳብ ናት። እኛም ሄደን አይተናል፣ ደግመንም እንሄዳለን። ግን ቪዲዮው የማይናገረው አንድ ነገር አለ። በሌላው ዓለም ትምህርት ቤት የሚዘጋው ፀሐይ ሲወጣ ነው። የእኛ የሚዘጋው ዝናቡ ሲብስ ነው። ካፋ ደግሞ ከሀገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። አዲስ አበባ ላይ ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ካፋ ላይ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ «ዝናቡ ሲያባራ እንሄዳለን» የሚለው ለተማሪ ልጆች አይሠራም። ሲያባራላችሁ ትምህርት ተከፍቷል። የሚሠራው ዝናቡን ተቀብሎ በእሱ ዙሪያ ማቀድ ነው።

ከዚያ በፊት ስለ ስሙ ትንሽ። ብዙ ሰው ዛሬም «ከፋ» ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ ከፋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የአካባቢው ሰው «ካፋ» ነው የሚለው፣ የዞኑ መጠሪያም በዚሁ ነው የሚጻፈው። ፎቶ ስትለጥፉ ካፋ ብላችሁ ጻፉ፣ ደስ ይላቸዋል።

መቼ ነው የሚሻለው?

የእኛ ምርጫ የነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፣ ከፍልሰታ ጾም ፍቺ በኋላ። ምክንያቶቹ የቤት ምክንያቶች ናቸው። ሐምሌ ላይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ልቡ እዚያው ነው፣ ማንም አይዝናናም። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፣ ያውም አክርረው። የሚጾሙ እናትና ልጆች ይዞ አሥር ሰዓት መኪና ላይ መቀመጥ ለማንም አይመከርም። ከነሐሴ 16 በኋላ ግን ሁሉም ይበላል፣ መንገድ ላይም የሚበላ አይጠፋም። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት ቤት ተመልሳችሁ ዶሮውን መግዛት ትችላላችሁ።

አንድ የሚያጣብቅ ነገር አለ፦ የትምህርት ቤት ምዝገባ። ብዙ ትምህርት ቤቶች በነሐሴ መጨረሻ ይመዘግባሉ። ቀኑን ሳታጣሩ ሆቴል አትያዙ። አንድ የምናውቀው ቤተሰብ ከጅማ ግማሽ መንገድ ላይ «ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው» የሚል ስልክ ደርሶት አባት በሚኒባስ ብቻውን ተመልሷል።

ቡና ሲለቀም ለማየት የምታስቡ ከሆነ ግን ክረምቱን እርሱት። ነሐሴ ላይ ቡናው ዛፉ ላይ አለ፣ ግን አረንጓዴ ነው። ቀይ ፍሬ በብዛት የሚታየው ከጥቅምት ወዲህ ነው። የካፋ ዘመን መለወጫ የሆነው ማሽቃሬ ባሮም የሚከበረው በመስከረም አጋማሽ አካባቢ፣ በጥንቱ የካፋ ነገሥታት መቀመጫ በቦንጌ ሻምበቶ ነው። ያን ጊዜ ትንንሾቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ያልተጠራችሁና ሥራ ፈላጊ የሆናችሁ ግን ጓደኛ ይዛችሁ መስከረም ላይ ሂዱ። ከቤተሰብ ጋር አንድ ጊዜ፣ ከጓደኛ ጋር ሌላ ጊዜ። ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ማር ወዳጅ ቤት ካላችሁ ግን ክረምቱ ይክሳችኋል። የካፋ ደን ማር በብዛት የሚቆረጠው ከክረምቱ መግቢያ ቀደም ብሎ ስለሆነ ገበያ ላይ አዲስ ማር ታገኛላችሁ። ከጌተሜ ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጩ ማር ነው ስመ ጥሩ። ጠይቁ፣ ቅመሱ፣ ከዚያ ግዙ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ቦንጋ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ጅማ 350 ያህል፣ ከጅማ ቦንጋ ደግሞ 110 ያህል። ሁሉም አስፋልት ነው። ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ከዚያ የጊቤ በረሃ ቁልቁለት፣ ከዚያ ጅማ። ከጅማ በኋላ ሰቃ፣ የበለጠ ጫካ፣ ሸቤ፣ ከዚያ ጎጀብ ወንዝ። ጎጀብን ስትሻገሩ ካፋ ገባችሁ።

«በአንድ ቀን ይደረሳል?» ይደረሳል። ሹፌሮች በየቀኑ ያደርጉታል። ግን እናንተ የሦስት ዓመት ልጅና ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዛችኋል። ክረምት ላይ እስከ ጅማ ብቻ ከነቁርሱና ምሳው ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ቀሪው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭጋጉና ዝናቡ ይወርዳል። በአንድ ቀን የሚሄድ ቤተሰብ ያንን የመጨረሻውን መንገድ የሚይዘው ሹፌሩ ሲደክም፣ ልጆቹ ሲያስታውኩና ሲጨልም ነው። ስለዚህ ጅማ እደሩ። ለአንድ ሌሊት አልጋ የምታወጡት ብር በዚህ ጉዞ ላይ ከሁሉም የተሻለው ወጪ ነው።

ጅማ ካደራችሁ ጠዋት ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አይታችሁ መነሳት ትችላላችሁ። ከእንጨት የተሠራው ሰገነት ልጆች የሚወዱት ነው። አባ ጅፋር ዳግማዊ ጅማን ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለመግዛት ካሰባችሁ ግን በመልሱ ግዙ፣ ከቦንጋ ደርሶ መልስ አትሸከሙት።

አያት ወይም በሽተኛ ካለ ሌላ አማራጭ አለ። እሳቸውን ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር በአውሮፕላን ጅማ ድረስ ላኩ፣ ሌላው በመኪና ይምጣ። በረራው አጭር ነው። ክረምት ላይ በደመና ምክንያት ሊዘገይ ስለሚችል ግን በዚያው ቀን ቦንጋ እገባለሁ ብላችሁ አታስቡ። ቦንጋ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ የለም።

ሌላው በግልጽ መባል ያለበት ጸጥታ ነው። መነሻችሁ ባለው ሳምንት፣ ከዚያም በመነሻችሁ ማታ፣ ያን መስመር በየቀኑ የሚሠራ ሹፌር ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ዛሬ ከጅማ የመጣ ሰው የሚለው ይበልጣል። «ትንሽ ይቆዩ» ካለ ቆዩ። ለዚህም ነው ሆቴል ስትይዙ «ቀን ቢቀየርስ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። በሌሊት ደግሞ በፍጹም አትጓዙ። ማለዳ 12 ሰዓት ተነስቶ 10 ሰዓት ላይ ማረፍ፣ በቃ።

ስለ ገንዘቡ

ዋጋ እዚህ አንጽፍም። ዛሬ የጻፍነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሸት ይሆናል። የምትደምሩበትን መንገድ ግን እንንገራችሁ። ደርሶ መልሱ 920 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዚያ የምትዞሩትን 150 ጨምሩበት። 1,070 ሆነ። ሚኒባስ በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 12 ሊትር ይበላል ብላችሁ ያዙ። ከ107 እስከ 128 ሊትር ማለት ነው። ይህን በዕለቱ የሊትር ዋጋ አባዙት። መኪናው ኪራይ ከሆነ የቀን ኪራዩን፣ የሹፌሩን አበልና አልጋ ለየብቻ ጠይቁ። «ሁሉንም ያካትታል» የሚለው ቃል ቦንጋ ላይ ስትደርሱ ትርጉሙ ይቀየራል። ነዳጅ ጅማ ላይ ሙሉ፣ በመልሱም ያገኛችሁበት ሁሉ። በክልል ከተማ ማደያ ሰልፍ ወይም «አልቋል» የተለመደ ነው።

ከዚህ ሁሉ ላይ የአንድ ቀን ሙሉ ወጪ ለብቻው አስቀምጡ። ክረምት ነው። መንገድ ቢዘጋ አንድ ቀን ተጨማሪ ማደር ሊኖር ነው። ያ ብር ካልተለየ፣ ሰው በዝናብ «ግዴለም እንሂድ» የሚለው በእሱ ምክንያት ነው። አደጋ የሚመጣውም ያኔ ነው።

ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ከተማው ውስጥ ይሠራሉ። ማር የሚሸጡ እናት ጋ ግን ጥሬ ብር ነው የሚያዋጣው፣ ያውም ዝርዝር። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ሊደክም ይችላል። ጫካ ውስጥማ ጭራሽ እርሱት፣ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

ሆቴል ላይ አንድ ምክር። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። ትርጉሙ? ስብሰባ። ግምገማ፣ ሥልጠና፣ ዕቅድ ትውውቅ ሲኖር አልጋው ሁሉ በመንግሥት እንግዳ ይያዛል። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሲሆንም እንደዚያው። ስለዚህ «ደርሰን እንፈልጋለን» አይሆንም። ደውላችሁ ያዙ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን እንደገና ደውሉ። ሙቅ ውሃ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መብራት ሲጠፋስ ይኖራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በዝናብ የበሰበሰ ሕፃን ይዞ የገባ ሰው ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ያውቃል።

እኛ ያጠፋነው

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የአንዳችንን ቤተሰብ ይዘን ሄድን። ዘጠኝ ሰው፣ ሦስቱ ልጆች፣ አንዷ የ67 ዓመት እናት። ሁለተኛው ቀን ላይ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠራ። ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ፏፏቴ ነበር፣ ጠዋት ልንሄድ አስበን ልጆቹ ተኝተው የቀረ። «አሁን እኮ ፀሐይ ነው፣ ደርሰን እንመለሳለን» አልን። ሹፌሩ መንገዱን አይቶ «ሌሊት ዘንቦበታል» አለ። እኛ ነን «ይታለፋል» ያልነው፣ እሱ አይደለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚኒባሱ እስከ ግማሽ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። የሰፈሩ ጎረምሶች ገመድና ቅጠል ይዘው መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገፉ። ፏፏቴውን አላየንም። እማማ መኪናው ውስጥ ትንሿን ልጅ በጋቢያቸው ጠቅልለው ዳዊት ሲደግሙ ነው የዋሉት። ሆቴል የገባነው ማታ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ሕፃኗ ሌሊቱን አተኮሳት። ጠዋት ሆስፒታል ወስደናት ደህና ሆነች፣ ግን ያን ሌሊት ማንም አልተኛም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሕግ አውጥተናል፣ ከማንም ጋር ብንሄድ አይሻርም። አንደኛ፣ ከአስፋልት የሚያስወጣ ነገር ሁሉ ጠዋት ነው፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ብትወጣ እንኳ አይኬድም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው። ሁለተኛ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ የዚያ ቀን ጠዋትም ይቀራል። ሦስተኛ፣ ሹፌሩ «አይሆንም» ካለ ክርክር የለም። ሹፌሩ «ይሆናል» ብሎ ከእናንተ አንዱ ከፈራም እንደዚያው።

ይህ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ናዳ ሁላችንም አይተናል። ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወደቀባቸው ናቸው። ጎፋ ከካፋ ራቅ ይላል፣ ግን ተዳፋቱም የክረምቱም ዝናብ ይመሳሰላል። ስለዚህ መንገድ ላይ ናዳ ካያችሁ ፎቶ ልታነሱ አትውረዱ። መኪናውን ከተቆረጠ ገደል ሥር አታቁሙ። ከላይ ጠጠር ሲንጠባጠብ ወይም ጥርት ያለው የቦይ ውሃ ድንገት ሲደፈርስ ካያችሁ ተመለሱ። ጎርፍ መንገዱን ካቋረጠው ደግሞ «ከጉልበት በታች ነው» አትበሉ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፣ 60 ሲሆን ትልልቆቹንም ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን ከጠበቁት ይጎድላል።

ታዲያ ምን ይታያል?

ቦንጋን ማዕከል አድርጉ፣ ሦስት ሌሊት እደሩባት፣ ሻንጣ አታዟዙሩ።

ለክረምት ከሁሉም የሚመቸው ውሽውሽ ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለ ሰፊ የሻይ ልማት ነው። መኪና ከመንገድ ሳይወጣ ግራና ቀኝ እንደ ምንጣፍ የተከረከመ አረንጓዴ ኮረብታ ታያላችሁ። ዝናብ ላይ እንዲያውም ያምራል። ውስጥ ለመግባትና ፋብሪካውን ለማየት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ። እቤት የምትጠጡት ሻይ ከየት እንደሚመጣ ልጅ በዓይኑ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። ቅጠሉ ቀንበጡ ብቻ እንደሚቀጠፍ የነገርነው የአሥር ዓመት ልጅ እስካሁን ሻይ በጠጣ ቁጥር ያነሳዋል።

ከዚያ ጫካው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፣ ከኢሉባቦሩ ያዩ ጋር በአንድ ጊዜ። እዚህ ቡና የሚበቅለው እርሻ ላይ ተተክሎ ብቻ አይደለም፣ ዱር ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ራሱን ችሎ ነው። ልጆች ዘንድ የሚያሸንፈው ግን ጉሬዛ ነው። ያ ነጭ ጭራውን እንደ ነጠላ አንጠልጥሎ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው። እሱን ለማየት ሩቅ መግባት አያስፈልግም። መንገድ ዳር ጫካ አጠገብ ማለዳ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ይታያል። እግር ጉዞ ካሰባችሁ ከተማው ውስጥ ካለው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ አስጎብኚ ጠይቁ፣ ብቻችሁን አትግቡ። ለልጅ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ክረምት ላይ ጉንዳን አለ፣ ይናከሳል።

ባርታ ፏፏቴና የእግዚአብሔር ድልድይ የሚባለው፣ ውሃ ከሥሩ የሚያልፍበት የተፈጥሮ የድንጋይ ድልድይ፣ ሁለቱም ያምራሉ። ክረምት ላይ ውሃው ሙሉ ስለሆነ ፏፏቴው ከበጋው ይበልጣል። ግን የእግር መንገዱ ያዳልጣል። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ቢከፈል ነውር የለውም። ወጣቶቹ ከአስጎብኚ ጋር ይውረዱ፣ እናትና ትንንሾቹ ከላይ ቡና ይጠጡ። ሁሉም ሁሉንም ማየት አለበት የሚል ሕግ የለም። ፏፏቴ ጫፍ ላይ ሰልፊ ለማንሳት ስለሚሞክሩት ምንም አንልም፣ እናንተ እንደዚያ አይደላችሁም።

ማንኪራ ግን ክረምት ላይ ይቅርባችሁ። የቡና መገኛ ተብሎ የሚነገርለት ጫካ ዴቻ ወረዳ ውስጥ ነው፣ መንገዱ ከአስፋልት ይወጣል። በበጋ ሂዱበት። ልጆቹ «ቡና የተገኘው እዚህ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ደግሞ በሐቀኝነት መልሱ። የጅማ ሰው «ጮጬ ነው» ይላል፣ የካፋ ሰው «ማንኪራ ነው» ይላል። የፍየል እረኛው ካልዲ ታሪክ ተረት ነው። ሳይንስ እርግጠኛ የሆነበት አረቢካ ቡና በዱር የሚገኘው በተለይ በዚህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ነው። «ኮፊ» የሚለው ቃል ከካፋ ነው የመጣው የሚሉ አሉ፣ ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው የሚሉም አሉ። በካፊ ኖኖ፣ ማለትም በካፋ ቋንቋ፣ ቡና «ቡኖ» ነው። ይህን ክርክር በመኪና ውስጥ ካነሳችሁት ከጎጀብ እስከ ቦንጋ ያደርሳችኋል።

ዝናቡ አላስወጣ ያለ ቀን ከተማው ውስጥ ያለው የብሔራዊ ቡና ሙዚየም አለ። ክፍት መሆኑን በስልክ አጣሩ፣ በበዓልና በሳምንት መጨረሻ በር ላይ ቆሞ መመለስ አለ። ታላላቆቹ ልጆች ስለ ካፋ መንግሥት እንዲጠይቁ አድርጓቸው። እ.ኤ.አ. እስከ 1897 ድረስ የራሱ ንጉሥ ነበረው፣ የመጨረሻው ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው ከሀገራቸው ተወስደው በእስር ነው ያለፉት። መማሪያ መጽሐፋችን በአንድ አንቀጽ የሚያልፈውን ነገር እዚያው ከሀገሩ ሰው አፍ መስማት ሌላ ነው።

ካርታ ላይ ሃላላ ኬላና ጨበራ ጩርጩራ ቅርብ ይመስላሉ። «ዳውሮና ኮንታ እኮ ጎረቤት ናቸው፣ አብረን እንያቸው» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። እነሱ ራሳቸውን የቻሉ ጉዞ ናቸው። በአምስት ስድስት ቀን ውስጥ ካጨቃችኋቸው የምታዩት የመኪና መስኮት ብቻ ነው። የጨበራ ጩርጩራ ዝሆኖች ደግሞ ሣሩ ሲያጥር፣ በበጋ፣ ይሻላሉ።

ሻንጣው ውስጥ

ለያንዳንዱ ልጅ የላስቲክ ቦት ጫማና ካፖርት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ካልሲ። እርጥብ ልብስ ለመያዣ ትልቅ ፌስታል። ቦንጋ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ወባ ከሚገኝበት ከፍታ ውስጥ ናት፣ ጎጀብ ቆላው ደግሞ ይበልጥ። አልጋው አጎበር እንዳለው ጠይቁ፣ ከሌለው ይዛችሁ ሂዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ዘግይቶ ልጅ ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተዉት። ሐኪሙን ከካፋ መመለሳችሁን ንገሩት፣ ደም ይመርመር። የልጆች የትኩሳት ሽሮፕ፣ ለተቅማጥ ለምለም፣ ለመኪና ለሚያጥወለውለው ሎሚ። ቦንጋ ላይ ገብረጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ ካለፈ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። እማማ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የአምስት ቀን ሳይሆን የአሥር ቀን ያዙላቸው፣ ያን የተጨማሪ ቀን ነገር አትርሱ።

ለመመለሻ ከማሩ ሌላ ኮረሪማና ጥምዝ ግዙ፣ ሁለቱም የዚያ ሀገር ደን ልጆች ናቸው፣ አዲስ አበባ ላይ ከምታገኙት ይለያሉ። ማሩን በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ ከእግር ሥር አስቀምጡት፣ ሻንጣ ላይ አታድርጉት። ይህንንም ካጠፋነው ነው የምንነግራችሁ።

ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ። ቡና ግቡ ከተባላችሁ ደግሞ «ቸኩለናል» አትበሉ፣ ተቀመጡ። የእኛዋ እማማ ያቺን የጭቃ ማታ ሳይሆን በማግስቱ ቡና ያፈሉልንን እናት ነው እስካሁን የሚያወሩት። በአማርኛ ብዙም አልተግባቡም፣ ሦስተኛው እስኪቀዳ ድረስ ግን አልተነሱም። ዘንድሮም «ሴትየዋን ጠይቁልኝ» እያሉን ነው። ነሐሴ 18 ልንወስዳቸው አስበናል፣ ከዘነበ 20።

በዚህ ሳምንት ከጅማ ቦንጋ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ መንገዱ ከሸቤ እስከ ጎጀብ እንዴት እንደሆነ ጻፉልን። ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሩበት፣ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራምና።